ብርዱ፣ ሩጫው ወይስ አብሮ አዳሪው? የሯጮች ጉንፋን የመቶ ዓመት ክርክር

አንድ የማራቶን ሯጭ ለአንድ ውድድር ሦስትና አራት ወር ይዘጋጃል። በሳምንት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ ምግቡን ይመጥናል፣ ከማኅበራዊ ሕይወት ይርቃል። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉሮሮው ይከረክራል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ሰውነቱ ይከብደዋል። የአራት ወር ድካም በአምስት ቀን ጉንፋን ይበላል። በዓመት ሁለት ማራቶን ብቻ ለሚሮጥ አትሌት ደግሞ ይህ የግማሽ ዓመት ገቢ ነው። ለሌላው ሰው «ትንሽ ጉንፋን» የሆነው ነገር ለእርሱ የቤት ኪራይ፣ የእናትና የአባት መጦሪያ፣ የብሔራዊ ቡድን ቦታ ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው? የሰፈር መልስ አንድ ነው፤ «ብርድ መትቶት ነው»። ላቡ ሳይደርቅ ንፋስ ላይ ቆሞ፣ ልብስ ሳይደርብ፣ መስኮት ተከፍቶበት። አሰልጣኙ ደግሞ «ልምምድ በዝቶበት ነው» ይላል። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም፤ በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድረው፣ በአንድ መኪና አብሮ የሚሄደው፣ ከአንድ ኮዳ አብሮ የሚጠጣው ጓደኛ። ሳይንስ በዚህ ክስ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክሯል። ክርክሩ የተጓዘበትን መንገድ መከተል ጠቃሚ የሚሆነው ፍርዱ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ስለሚወስን ነው። ጥፋተኛው ብርዱ ከሆነ ሯጩ ሹራብ ይልበስ። ሩጫው ከሆነ ልምምድ ይቀንስ። አብሮ አዳሪው ከሆነ ግን ጉዳዩ ከሯጩ እጅ ይወጣና የክለብ፣ የማናጀርና የፌዴሬሽን ጉዳይ ይሆናል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምልክት፦ ቦስተን 1901

የቦስተን ማራቶን ከተጀመረ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ራልፍ ላራቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1901ዱ ውድድር የተሳተፉ አራት ሯጮችን ደም መርምሮ ውጤቱን በ1902 አሳተመ። ያየው ነገር አስገራሚ ነበር። የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ከሩጫው በኋላ እጅግ ጨምሯል። የጨመረበት ዓይነትም በበሽታ ወይም በቁስል ጊዜ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ሯጮቹ ግን ጤነኞች ነበሩ። ላራቢ የደረሰበት ድምዳሜ እንዲህ ያለ ጥረት ከሰውነት የተለመደ አቅም እንደሚያልፍ ነበር።

ይህ ትንሽ ጥናት ለሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ጥያቄውን አስቀመጠ። ረጅም ሩጫ በሽታን የሚከላከለውን ሠራዊት የሚያናውጥ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ጠላት ቢመጣ ምን ይሆናል?

በ1918፣ የኅዳር በሽታ ዓለምን ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ ካውልስ የተባለ ሌላ ሐኪም በአንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የተከሰተውን የሳንባ ምች መዝግቦ አወጣ። በሽታው የጠናባቸው በአብዛኛው ስፖርተኛ ተማሪዎች ነበሩ። ቀላል የሚመስለው የመተንፈሻ ሕመም ወደ ሳንባ ምች የተሸጋገረውም ከከባድ ጨዋታና ውድድር በኋላ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ሪቺ ራስል በፖሊዮ ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ነገር አየ። በሽታው በጀመረባቸው ቀናት ከባድ የአካል ሥራ የሠሩት ሕሙማን ሽባነታቸው ከሌሎቹ የባሰ ነበር።

ልብ ማለት የሚገባው እነዚህ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። «ሩጫ በሽታ ያመጣል» አላሉም። «በሽታው ከገባ በኋላ መሮጥ በሽታውን ያከፋዋል» ነው ያሉት። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ለብዙ ዓመታት ተደባልቀው ኖረዋል። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ብርዱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ

የብርዱ ክስ በይፋ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ሳልስበሪ በተባለች ከተማ አጠገብ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። እስከ 1990 ድረስ ሠርቷል። ፈቃደኞች ለእረፍት እንደሚሄድ ሰው ሻንጣቸውን ይዘው ይገቡና ሆን ተብሎ የጉንፋን ቫይረስ ይሰጣቸው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ ብርድ ነው። ፈቃደኞቹ ሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ እርጥብ እንደሆኑ ንፋስ በሚነፍስበት መተላለፊያ ላይ እንዲቆሙ፣ ከዚያም እርጥብ ካልሲ አድርገው እንዲቆዩ ተደረገ። የኢትዮጵያ እናቶች ይህን ቢያዩ ኖሮ «ልጄን ገደላችሁት» ባሉ ነበር። ውጤቱ ግን ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አላመጣም የሚል ሆነ። ያለ ቫይረስ ጉንፋን የለም።

ብርዱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ተለቀቀ ማለት ግን አይደለም። በ2005 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 90 ሰዎች እግራቸውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲያስገቡ አደረጉ። ሌሎች 90 ሰዎች እግራቸውን ባዶ ሳፋ ውስጥ አስገብተው ተቀመጡ። በሚቀጥሉት አራትና አምስት ቀናት ከመጀመሪያዎቹ 13፣ ከሁለተኛዎቹ 5 ሰዎች የጉንፋን ስሜት እንደተሰማቸው ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ብርዱ የአፍንጫን የደም ሥሮች አጥብቦ፣ አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ ዕድል ይሰጠዋል የሚል ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ብርድ ቢበዛ በር ከፋች ነው፤ ሌባው ሌላ ነው። ላብ የነካውን ልብስ ቶሎ መቀየር ክፉ ምክር አይደለም፤ ግን በቂ ምክር አይደለም።

ሩጫው ተከሳሽ የሆነበት ዘመን

በ1970ዎቹና 80ዎቹ ማራቶን ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የብዙኃን ስፖርት ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮች ሲገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መጠየቅ ተቻለ።

በ1982 በኬፕ ታውን የሚካሄደውን የ56 ኪሎ ሜትር «ቱ ኦሽንስ» ሩጫ ተከትሎ ኤዲት ፒተርስና ባተማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥበብ ያለበት ጥናት ሠሩ። በዕጣ 150 ሯጮችን መረጡ። ለእያንዳንዱ ሯጭ ማነጻጸሪያ ያደረጉት በዕድሜ የሚመጣጠንና በአንድ ቤት አብሮት የሚኖር የማይሮጥ ሰው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሯጮቹ 33.3 በመቶ፣ ከማይሮጡት 15.3 በመቶ የጉንፋን ምልክት ታየባቸው። ፈጥነው የገቡት ይበልጥ ታመሙ። አንድ ቤት፣ አንድ አየር፤ ልዩነቱ ሩጫው ብቻ ይመስል ነበር።

በ1987 ዴቪድ ኒማን የሎስ አንጀለስ ማራቶን ሯጮችን ጠየቀ፤ 2,311 ሰዎች መለሱ። ከውድድሩ በኋላ ባለው ሳምንት ከተሳተፉት 12.9 በመቶ ታመሙ። ተመዝግበው ከሕመም ውጭ በሆነ ምክንያት ካልሮጡት ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከውድድሩ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት በሳምንት ከ96 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጡት ደግሞ ከ32 በታች ከሮጡት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ታዋቂ ሐሳቦች ተወለዱ። አንደኛው ኒማን በ1990ዎቹ ያስፋፋው «የጄ ቅርጽ» ነው። በመጠኑ የሚንቀሳቀስ ሰው ከተቀማጩ ያነሰ ይታመማል፤ ከመጠን በላይ የሚሮጥ ግን ከሁለቱም የባሰ ይታመማል። ሁለተኛው «የተከፈተ መስኮት» የሚባለው ነው። ከከባድ ሩጫ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት የሰውነት መከላከያ ይደክማል፤ ቫይረሱ በዚያ መስኮት ይገባል። ሐሳቡ ቀላልና የሚያሳምን ስለነበር ከሕክምና መጽሔት ወጥቶ የአሰልጣኞች መመሪያ ውስጥ ገባ።

ፒተርስ በ1990 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የኮምሬድስ ሩጫ ላይ ተጨማሪ ሙከራ አድርጋለች። ለሦስት ሳምንት በቀን 600 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከወሰዱት ሯጮች 33 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 68 በመቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታመሙ። ከዚያ በኋላ የተሰበሰቡ 5 ሙከራዎች፣ በድምሩ ወደ 600 ሯጮች፣ የበረዶ ተንሸራታቾችና ወታደሮች የተሳተፉባቸው፣ ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። በከባድ የአካል ጫና ውስጥ ላሉ ሰዎች ቫይታሚን ሲ የጉንፋንን ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ለተራው ሰው ግን በየቀኑ መውሰዱ የጉንፋኑን ቁጥር አልቀነሰም። ዘይቱን፣ ብርቱካንና ቃሪያ ከገበያ የማይጠፉበት አገር ሯጭ ይህን ለማግኘት ውድ ክኒን ፍለጋ መሄድ አይጠበቅበትም።

ተከሳሹ ጠበቃ ሲያገኝ

የ1980ዎቹ ጥናቶች አንድ ደካማ ጎን ነበራቸው። ሁሉም የጠየቁት «ጉሮሮህን አሞሃል ወይ?» ብለው ነው። ቫይረሱን ማንም አልፈለገውም።

በአውስትራሊያ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት ይህን ክፍተት ነካው። ታዋቂ የትራያትሎንና የብስክሌት ስፖርተኞች፣ በመዝናኛ ደረጃ የሚወዳደሩና ስፖርት የማይሠሩ ሰዎች ለአምስት ወር ተከታትለው ተመረመሩ። 37 የሕመም ጊዜያት ተመዘገቡ። ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ የተገኘው በ11ዱ ብቻ ነበር። ታዋቂዎቹ ስፖርተኞች በእርግጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ታመዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው «ጉንፋን» ጉንፋን መሆኑ አልተረጋገጠም።

ታዲያ ምን ነበር? አንድ ሯጭ በከባድ ልምምድ ጊዜ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ አየር ሊያስገባና ሊያስወጣ ይችላል። አፍንጫ ይህን ሁሉ አጣርቶ፣ አሙቆና አርጥቦ አይችለውም፤ አየሩ በአፍ በኩል እንደነበረ ይገባል። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ አቧራ ያለበት ወይም የመኪና ጭስ የተቀላቀለበት ከሆነ የመተንፈሻው ግድግዳ ይቆጣል። ሳል፣ የጉሮሮ መከርከርና ንፍጥ ይከተላል። አለርጂና አስም ያለበት ሯጭ ደግሞ ይብስበታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የማራቶኑን ውድድር የተወው የከተማዋ አየር ለአስሙ አደጋ ይሆናል በሚል ነበር፤ በ10,000 ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። እንዲህ ያለው ችግር አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ ሐኪምና ትክክለኛ ምርመራ ነው የሚፈልገው።

በ2018 በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካምቤልና ተርነር «የተከፈተውን መስኮት» ራሱን ተረት ነው አሉት። መከራከሪያቸው ይህ ነው። ከሩጫ በኋላ ደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር መቀነሱ እውነት ነው፤ ግን አልሞቱም። ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀትና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተሰማርተዋል። ካምፑ ባዶ ሆኖ ሲታይ ሠራዊቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ጥበቃ ሄዶ ይሆናል።

በ2020 ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ 8 ተመራማሪዎች፣ ኒማንንና ካምቤልን ጨምሮ፣ ክርክራቸውን በአንድ ጽሑፍ ላይ ጎን ለጎን አቀረቡ። በሩጫው ጥፋት ላይ አልተስማሙም። በአንድ ነገር ላይ ግን ተስማሙ። የአትሌት ሕመም መነሻው ብዙ ነው፤ ለቫይረስ መጋለጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ጉዞና የምግብ እጥረት ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ

ከዚህ በኋላ የተሰበሰበው ማስረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል። የኖርዌይ ታዋቂ የበረዶ ላይ ሯጮች ለዓመታት የጻፉት የልምምድና የሕመም ማስታወሻ ሲመረመር ከዓለም አቀፍ በረራ ማግስት የመታመም ዕድላቸው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ2018 በፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ ከፊንላንድ ቡድን 44 አትሌቶች 20ዎቹ የጉንፋን ምልክት ታየባቸው። በዚህ ጊዜ ግን ቫይረሱ በተሻለ መሣሪያ ተፈልጎ በአብዛኞቹ ላይ ተገኘ። የሚተላለፈውም በዘፈቀደ ሳይሆን አብረው በሚኖሩና በሚሠሩ ሰዎች መካከል ነበር።

እንቅልፍም በቁጥር ተለክቷል። በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች ምን ያህል እንደሚተኙ በእጅ በሚታሰር መሣሪያ ከለካ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ጨመረላቸው። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ነበር። ቫይረሱ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው እንቅልፍ ነው። ከ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በፊት በአውስትራሊያ አትሌቶች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሴቶቹ ዘንድ ከሕመም ጋር ጎልቶ የተያያዘው ከሚያወጡት ጉልበት ያነሰ መመገብ መሆኑን አሳየ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 እና 2021 ዓለም ጭምብል ስታደርግ፣ እጇን ስትታጠብና ስብሰባ ስታቆም ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ዙሪያ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ተራው የጉንፋን ቫይረስ ጠንካራ ስለሆነ ጨርሶ አልጠፋም። ቢሆንም ያ ዘመን ማንም ሊያካሂደው የማይችለውን ሙከራ አካሄደ። ብርዱ እንደወትሮው ነበር። ሯጮችም ብቻቸውን መሮጣቸውን አላቆሙም። የተቋረጠው በአንድ ክፍል ታጭቆ መተንፈሱ ነበር።

የተዘጋው መስኮት

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሯጮች መኪና ከየሰፈሩ ሰው እየለቀመ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ አቃቂ ይጓዛል። ውጭው ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ይዘጋል። አንድ ሰው ሊከፍት ቢሞክር «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊያስመታን ነው?» የሚለው ድምፅ ከኋላ ይመጣል። በዚያ መኪና ውስጥ አንድ ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ፣ ደርሰው እስኪወርዱ ድረስ ሁሉም የእርሱን ትንፋሽ ይጋራሉ። ብርዱን የፈሩት ሰዎች በገዛ እጃቸው ሌባውን ከውስጥ ቆልፈውበታል።

በአገራችን የቡድን ልምምድ ተራ ልማድ አይደለም። በ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያደገ ሕዝብ ሩጫውንም ያሰበው እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር 15 ወር የኖረው እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ማይክል ክራውሊ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በኢትዮጵያ ሯጮች ዘንድ እንደ ራስ ወዳድ ይታያል። የአንዱን እግር እየተከተሉ መሮጥ፣ ተራ በተራ ንፋስ መጋረድ፣ አብሮ መብላት የዚህ አገር የሩጫ ጥበብ ነው። ስለዚህ «ብቻህን ሩጥ» የሚለው የውጭ ምክር እዚህ አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። ሜዳ ላይ በክፍት አየር አብሮ መሮጥ ዋናው ችግር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከሩጫው በፊትና በኋላ ባለው ሰዓት ነው፤ በተዘጋው መኪና፣ ሦስትና አራት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣ በጋራ ኮዳና በጋራ ፎጣ።

ከዚህ የከፋው ዝምታ ነው። ጉንፋን የያዘው ወጣት ሯጭ ለአሰልጣኙ አይናገርም። ቢናገር ከቡድኑ ይቀራል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ማናጀሩ ስሙን ከውድድር ያወጣል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ከኋላው መቶዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሳሉን ውጦ መኪና ውስጥ ይገባል። በሳምንቱ ቡድኑ በሙሉ ይስላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይጎድለዋል፤ በሽታውን እንዲደብቅ ያስገደደው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀርቷል።

ዝምታ ሲገድል፦ ስዊድን

«ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ለሚሉ የስዊድን ታሪክ ትምህርት ነው። በዚያ አገር በካርታ እየተመሩ ጫካ ውስጥ የሚሮጡበት ኦሪየንቴሪንግ የተባለ ተወዳጅ ስፖርት አለ። ከ1979 እስከ 1992 ባለው ጊዜ 16 ወጣት የዚህ ስፖርት ተወዳዳሪዎች በድንገት ሞቱ፤ 15ቱ ወንዶች ነበሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር በበርካቶቹ ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኘ። የትኛው ተህዋስ እንዳመጣው ብዙ ተባለ፤ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ተጠረጠሩ።

የስዊድን ፌዴሬሽን መልሱ እስኪገኝ አልጠበቀም። በ1992 መጨረሻ የታዋቂዎቹን ውድድር ለስድስት ወር ገደማ አቋረጠ። እየታመሙ መሮጥ ነውር እንዲሆን፣ ማረፍ ደግሞ እንደ ስንፍና እንዳይቆጠር በሰፊው አስተማረ። በቀጣዮቹ ዓመታት እንዲህ ያለው ሞት ቆመ። ልብ በሉ፤ ያቆመው አዲስ ክኒን አይደለም። ደንብ ነው።

በ1993 አሜሪካዊው ሐኪም ራንዲ አይክነር ለሯጮች ቀላል መመዘኛ አወጣ። ምልክቱ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም አፍንጫ መዝጋት፣ ማስነጠስ፣ ቀላል የጉሮሮ መከርከር፣ ቀስ ብሎ ለ10 ደቂቃ ሞክሮ ከተመቸው መቀጠል ይችላል። ከአንገት በታች ከሆነ፣ ማለትም ትኩሳት፣ የጡንቻ ቁርጥማት፣ ከደረት የሚወጣ ሳል፣ ከሆነ መሮጥ የለም። ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ እስከ ስዊድን ጫካ የተከፈለው ዋጋ ወደዚህች አጭር ደንብ ተጨምቋል። ደንቧ ግን የምትጠብቀው የታመመውን ልብ ብቻ ነው። ጎረቤቱን ለመጠበቅ፣ አፍንጫው ብቻ የሚፈስሰውም ቢሆን ለብቻው ይሩጥ፣ ለብቻው ይደር።

ከፋርማሲው የሚመጣው ሌላ ጣጣ

ሯጩ ጉንፋኑን ደብቆ ሲቀር የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው። እዚያ ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል።

አንደኛው አንቲባዮቲክ ነው። ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእርሱ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች ደግሞ ለሯጭ ልዩ አደጋ አላቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 ጅማትን ሊያቆስሉና ሊበጥሱ እንደሚችሉ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል፤ በተለይም የተረከዝ ጅማት። ለማይጠቅመው መድኃኒት ብሎ እግሩን አደጋ ላይ የሚጥል ሯጭ ያሳዝናል።

ሁለተኛው የዶፒንግ ጣጣ ነው። በ1972 በሙኒክ አሜሪካዊው ዋናተኛ ሪክ ዴሞንት በአስም መድኃኒቱ ውስጥ በነበረ ኤፌድሪን ምክንያት የ400 ሜትር ወርቁን ተነጠቀ። በ2000 በሲድኒ የ16 ዓመቷ ሩማንያዊት ጂምናስቲክ አንድሬያ ራዱካን የቡድኗ ሐኪም በሰጣት የጉንፋን ክኒን ውስጥ ፕስዩዶኤፌድሪን በመኖሩ የግል ወርቋን አጣች። በ2002 እንግሊዝን ወክሎ የተወዳደረው አለን ባክስተር በአገሩ ይጠቀምበት የነበረውን በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ገዛ። የአሜሪካው ስሪት የተለየ ንጥረ ነገር ነበረበት፤ ነሐሱን መለሰ። ፕስዩዶኤፌድሪን ዛሬም ከተወሰነ መጠን በላይ በውድድር ጊዜ ክልክል ነው። ስለዚህ ሯጭ ከማንም የጉንፋን ክኒን ተቀብሎ መዋጥ የለበትም፤ መጀመሪያ የቡድኑን ሐኪም ወይም የፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ። ዝንጅብልና ማር በሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሜዳሊያም አያስነጥቅም።

ፍርዱ

የመቶ ዓመቱ ክርክር ሲጠቃለል እንዲህ ይነበባል። ብርዱ ቢበዛ ተባባሪ ነው። ሩጫው በከፊል ጥፋተኛ ነው፤ በተለይ እንቅልፍና ምግብ ሲጎድልበት። ዋናው በር ግን የጋራ አየርና የጋራ ዕቃ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሯጩ ብቻውን አይቆጣጠራቸውም። መኪናውን የሚያሠማራው፣ ክፍሉን የሚከራየው፣ ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ሯጩ የራሱን ያድርግ። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ይተኛ፣ የቀን እንቅልፉን አይተው። ከባድ ልምምድ ባለበት ቀን በቂ ምግብ ይብላ፤ የሚጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከሚበላበት ሰዓት ጋር ያቀራርብ። እጁን ይታጠብ፣ ኮዳውን ለብቻው ይያዝ፣ ከውድድር በፊት ባሉት ሳምንታት ከለቅሶ ቤቱም ከሰርጉም ትንሽ ይራቅ፤ ዘመድም ይህን እንደ ንቀት አይቁጠርበት።

የተቀረው የአለቆች ድርሻ ነው። የመኪናው መስኮት በሁለቱም በኩል ትንሽ ይከፈት፤ ብርዱን ጃኬት ይከላከለዋል፤ ቫይረሱን ግን አይከላከልም። በካምፕ ለታመመ ሰው አንድ ክፍል ይዘጋጅ። ከውጭ ጉዞ የተመለሰ አትሌት ለጥቂት ቀናት ለብቻው ይደር። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አሞኛል» ያለ ሯጭ ቦታው እንደማይወሰድበት የሚያረጋግጥ የተጻፈ ደንብ ይኑር። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያ ፊርማ እስኪገኝ ድረስ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ፣ አንድ ወጣት ሳሉን እየዋጠ ይቀመጣል። አጠገቡ የተቀመጠውም ጉንፋኑን ከብርዱ ያገኘው ይመስለዋል።